ለተጎዳ ጉልበት መቼ እንቸኩል፣ መቼ እንታገሥ

ጉልበቱ የዞረበት ሰው ከሜዳ ወይም ከአስፋልት ሲነሣ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ወለምታ ነው፤ ይታሽ፣ ይታሰር፣ ነገ ይሻለዋል» ይባላል፤ ወይ ደግሞ «ጅማቱ ተበጥሷል፤ ውጭ አገር ካልሄደ አይድንም» ይባላል። የመጀመሪያው ፍርድ ሰውየውን ያዘገየዋል፤ ሁለተኛው ያጣድፈዋል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው እነዚህ ሁለት ፍርዶች ብዙ ጊዜ ቦታ ተለዋውጠው እንደሚሰጡ ነው። በጉልበት ጉዳት ውስጥ በሰዓት የሚቆጠር ነገር አለ፤ እሱን እናዘገየዋለን። በወራት የሚቆጠር፣ ቢታገሡት የማይጎዳ፣ አንዳንዴም የሚጠቅም ነገር አለ፤ ለእሱ ጥሪት ሸጠን እንሮጣለን። ምርመራውም ሕክምናውም የሚቃናው ይህ ቅደም ተከተል ሲቃና ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ማስረጃዬንም አቀርባለሁ።

ጉልበት ከአጥንቱ ቅርጽ የሚያገኘው ጽናት እምብዛም ነው። የጭን አጥንት ክብ ጫፍ በቅልጥም ጠፍጣፋ ራስ ላይ ይቀመጣል እንጂ እንደ ዳሌ ገብቶ የሚያርፍበት ጎድጓዳ የለውም። የሚያጸኑት ጅማቶቹና ጡንቻዎቹ ናቸው። ከአራቱ ዋና ጅማቶች ሁለቱ በመካከሉ እርስ በርስ ተላልፈው ስለሚያልፉ መስቀለኛ ይባላሉ፤ ፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ኋለኛው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይይዛሉ። የቀሩት ሁለቱ በውስጥና በውጭ ጎን ተወጥረው ጉልበት ወደ ጎን እንዳይከፈት ያግዳሉ። ኳስ ተመልካቹ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው «ኤሲኤል» ፊተኛው መስቀለኛ ነው። ይህን ያህሉን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሚረሳው ከበስተኋላ ያለው ነው። በቋንጃችን ውስጥ ለባትና ለእግር ደም የሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ ያልፋል። ይህ ቧንቧ ከጉልበት በላይም በታችም ከአካባቢው ሥጋ ጋር ተቆራኝቶ የተያዘ ስለሆነ አጥንቶቹ ሲላቀቁ መሸሻ የለውም፤ ይለጠጣል፣ ይቀደዳል፣ ወይም ከውጭ ደኅና መስሎ የውስጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል። በውጭ በኩል ደግሞ እግራችንን ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ ከቆዳ ሥር ሆኖ የቀጭኗን የቅልጥም አጥንት ራስ ይዞራል፤ ጉልበት ወደ ጎን ሲከፈት እሱም አብሮ ይሳባል።

ከጉልበት ጉዳቶች የከፋው የጭንና የቅልጥም አጥንቶች ፈጽመው የሚላቀቁበት፣ ጉልበት ራሱ የሚወልቅበት ነው። የጉልበት ሎሚው መውለቅ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ያማል እንጂ እግር አያስቆርጥም። የጉልበት ውልቃት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ ጅማቶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይዞ ይሄዳል። የሞተር ብስክሌትና የመኪና አደጋ፣ ከሕንፃ ላይ መውደቅ፣ ሜዳ ላይ መጋጨት ያመጡታል፤ በጣም የከበደ ሰው ደግሞ ከደረጃ ሲወርድ እግሩን ስቶ በመርገጡ ብቻ ሊደርስበት ይችላል። ተንኮሉ ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ የወለቁ ጉልበቶች ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ ተመልሰው ይገባሉ። ራጅ ሲነሣ አጥንቶቹ ቦታቸውን ይዘው ይታያሉ፤ ካርዱ ላይም «ስብራት የለም» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን የተሳሳተ ነው። መጠየቅ የነበረበት አጥንቱ ተሰበረ ወይ ሳይሆን፣ ይህ ጉልበት ከአደጋው ሰዓት ጀምሮ እስካሁን የት ደርሶ ተመለሰ የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጠው እጅ ነው። እግሩ ተዘርግቶ ቀጥ ባለበት ጉልበቱ ወደ ጎን የሚከፈት ከሆነ የተበጠሰው አንድ ጅማት ብቻ አይደለም፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ጅማት የላላበት ጉልበት ሁሉ ደግሞ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ወልቆ እንደተመለሰ ተቆጥሮ መታየት አለበት።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ የጥናቶች ጥናት ጉልበታቸው ከወለቀ ሰዎች መካከል ከመቶ 18 ያህሉ የደም ሥር ጉዳት፣ ከመቶ 25 ያህሉ የነርቭ ጉዳት እንደነበረባቸው አስልቷል። በቋንጃ ያለው ደም ቅዳ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረን ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ሥር ከተጎዳባቸው 502 የአሜሪካ ወታደሮች ከመቶ 72 የሚበልጡት እግራቸው ተቆርጧል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያደርገው ሥሩን ቋጥሮ ደሙን ማቆም ነበርና። የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን በተሰለፉበት በኮሪያ ጦርነት ሥሩን መልሶ መስፋት ሲለመድ ቁጥሩ ወደ ሲሶ ወረደ። የጦር ሜዳውን ትምህርት ወደ ሲቪሉ ሕይወት ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የ245 የጉልበት ውልቃቶች ዘገባ ነው፦ ሥራቸው በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ውስጥ ከተጠገነላቸው መካከል እግሩን ያጣው ከመቶ 11 ብቻ ሲሆን፣ ከ8 ሰዓት በላይ ከዘገየባቸው ግን ከመቶ 86 ያህሉ አጥተዋል። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አዲስ መድኃኒት ወይም ረቂቅ መሣሪያ አይደለም። ከአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ተነሥቶ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

«የእግሩ ትርታ ይሰማል፤ ታዲያ ምን ያስፈራል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። መልሱ፣ የውስጥ ግድግዳው ብቻ የተሰነጠቀ ሥር ለጊዜው ደም ያሳልፋል፤ ከሰዓታት በኋላ ስንጥቁ ላይ ደም ረግቶ ይዘጋል። ማታ ሞቃት የነበረ እግር ጧት የሚቀዘቅዘው ስለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ዳሶ ማለፍ ስለዚህ አይበቃም፤ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት በተደጋጋሚ መታየት ያስፈልጋል። ከመዳሰስ የተሻለ ርካሽ ዘዴም አለ። የደም ግፊት መለኪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ አስሮ በትንሽ የዶፕለር መሣሪያ የሚሰማውን ግፊት ክንድ ላይ ከተገኘው ጋር ማነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት ጉልበታቸው ከወለቀ 38 ሰዎች መካከል የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ 0.9 እጅ በታች የሆነባቸው 11 ነበሩ፤ አሥራ አንዱም ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው የደም ሥር ጉዳት ተገኘባቸው። ከቀሩት 27 ግን አንድም አልተገኘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብቻውን ሕግ አያወጣም። ግን ለአንድ የወረዳ ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም «ይህን ሰው አሁኑኑ ልላከው ወይስ አስተኝቼ ልከታተለው» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የሚሻል መመሪያ በዚህ ዋጋ አይገኝም። የትርታው መጥፋት ግልጽ ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ምስል መጠበቅ የለበትም፤ ጉልበቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ትርታው እንደገና ይዳሰሳል፣ ካልመጣ ታካሚው የደም ሥር ወደሚሰፋበት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ወጌሻን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ሰው ወጌሻ ዘንድ የሚሄደው ቅርብ ስለሆነ፣ ርካሽ ስለሆነ፣ ጀሶና ቢላዋም ስለሚፈራ ነው። ስለ ጉዳት የሚያውቀውም ሁሉ ከንቱ አይደለም። አደጋው ያለው በሁለት ነገሮች ነው፦ ደሙ እየፈሰሰ ያበጠን ጉልበት ማሸትና፣ እብጠቱ ገና እየጨመረ ሳለ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር። ሥሩ ያልተጎዳ እግር እንኳ በጠባብ እስር ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ ከኢትዮጵያም ከናይጄሪያም የወጡ የሐኪሞች ዘገባዎች በዚህ ምክንያት የተቆረጡ እጆችና እግሮችን መዝግበዋል። መፍትሔው ግን ከዚሁ ከአገራችን ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ አካላት ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። አንድ ቀን ብቻ! ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲደነዝዝ፣ ሲጠቁር እስሩን ፍታና ላክ የሚለውን ለማስተማር ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የምንቸኩልበት ቦታ ይህ የደም ሥር ጉዳት መሆን ሲገባው ነገራችን የተገለበጠው በሁለተኛው ዓይነት ጉዳት፣ በፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ላይ ነው። አብዛኛው የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው፣ ተጫዋቹ ሮጦ በድንገት ሲቆም ወይም እግሩ መሬት እንደያዘ ገላው ሲዞር ነው። «ጧ» ሲል ተሰማኝ ይላል፤ ጨዋታውን መቀጠል አይችልም፤ ጉልበቱም በሁለት ሰዓት ገደማ ያብጣል። ያ ቶሎ የሚመጣ እብጠት ውኃ አይደለም፤ ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዚህ መንገድ ደም የሞላባቸውን 85 ጉልበቶች የመረመረ ጥናት ከመቶ 72 ያህሉ ላይ የፊተኛውን መስቀለኛ ጉዳት አግኝቷል። እንግዲህ ታካሚው አፉን ከፍቶ የሚናገረው ታሪክ ብቻውን ከግማሽ በላይ መርምሮ ይጨርሳል ማለት ነው። ቀሪውን የሚጨርሰው ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጥፎ፣ ጭኑን በአንድ እጅ ይዞ፣ ቅልጥሙን በሌላው ወደ ፊት መሳብ ነው። በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በነበሩት በጆን ላክማን ስም የሚጠራው ይህ ምርመራ፣ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው፣ ከተበጠሱት ከመቶ 85 ያህሉን ይይዛል፤ ካልተበጠሱትም ከመቶ 94 ያህሉን በትክክል ነጻ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ታካሚው በሕመም ጡንቻውን ስለሚያጠብቅ ምርመራው ሊያታልል ይችላል፤ ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ነው። ተራው ራጅም ቢሆን ለሚያውቅ ዓይን የሚናገረው አለው፦ ፓሪሳዊው ፖል ሴጎን እ.ኤ.አ. በ1879 የገለጻት፣ በቅልጥም ራስ ውጫዊ ጠርዝ ላይ የምትታይ ትንሽ የአጥንት ፍልጣይ ካለች ፊተኛው መስቀለኛ ተበጥሷል ብሎ ማሰብ ብዙም አያሳስትም።

«ኤም.አር.አይ. ሳይነሣ እንዴት ይታወቃል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ኤም.አር.አይ. ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ፣ ብዙ ጅማት ሲጠረጠር፣ ወይም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈው ሜኒስከስ ተቀድዶና ተገልብጦ ጉልበቱን ሲቆልፈው ተገቢ ነው። የተቆለፈ ጉልበት፣ በምንም መንገድ አልዘረጋ ያለ ማለቴ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ መታየት አለበት፤ የውጭው ጎንና የኋላ ማዕዘኑ ጅማቶች መቀደድም እንደዚሁ፣ ሦስት ሳምንት ካለፈው መጠገኑ ይከብዳል። ነገር ግን ምስሉ የሚያሳየው ሁሉ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካዋ ፍሬሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ 991 ሰዎች ጉልበት በኤም.አር.አይ. ሲታይ፣ ሜኒስከሳቸው ተቀድዶ ከተገኘባቸው ከመቶ 61 ያህሉ በዚያ ወር ምንም ሕመም አልነበራቸውም። ወረቀቱን ይዞ የሚሮጥ ሰው ከሕመሙ ይልቅ ወረቀቱን ሊያሳክም ይችላል። ምርመራ የሚጀመረው ከታካሚው አፍና ከሐኪሙ እጅ ነው፤ ምስሉ የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ጥያቄ ሲያነሡ ነው።

ጅማቱ ተበጥሷል እንበል። አሁን ይሰፋ? መስቀለኛ ጅማት በአብዛኛው አይሰፋም፤ በቀዶ ሕክምና ከቋንጃ፣ ከሎሚው ሥር ወይም ከጭን ፊት በተወሰደ ሌላ ጅማት ይተካል። ታሪኩ ረጅም ነው፤ የሊድሱ ሜዮ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1895 የአንድ ማዕድን ቆፋሪ መስቀለኛ ጅማቶች ሰፍተዋል፤ የብሪስቶሉ ሄይ ግሮቭስም እ.ኤ.አ. በ1917 መተካትን ጀምረዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን «ቶሎ መተካት ይሻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በጥብቅ ሲፈተን የተገኘው መልስ ብዙዎችን አስገርሟል። በስዊድን ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ 121 ንቁ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በ10 ሳምንት ውስጥ ቀዶ ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ ጠንካራ የጡንቻ ሥልጠና ጀምረው ጉልበታቸው መክዳቱ ካልቀረ ብቻ ወደ ቀዶ እንዲሄዱ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የሁለት ዓመት ውጤት በሕመም፣ በሥራና በስፖርት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በ5 ዓመቱም አልታየም፤ ከሁለተኛው ቡድን ግማሽ ያህሉም እስከዚያ ድረስ ጅማታቸው አልተተካም። ከዚህም በላይ በዚያ ቡድን ውስጥ ቀዶ ካልተደረገላቸው 30 ሰዎች መካከል 16ቱ ላይ በሁለት ዓመቱ ምስል የጅማት መዳን ምልክት ታየ፤ «የተበጠሰ መስቀለኛ ጅማት ፈጽሞ አይገጥምም» የሚለውን የቆየ ትምህርት የሚያናውጥ ነው።

ሆኖም ይህን ጥናት ይዞ «ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም» ማለት ሌላ ስሕተት ነው፤ የብሪታንያው ማስረጃም ይሞግተዋል። እዚያ ጉዳታቸው የሰነበተ፣ ጉልበታቸውም በየጊዜው የሚከዳቸው 316 ሰዎች ተመሳሳይ ዕጣ ሲወጣላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ለቀዶ ሕክምናው አደላ፤ በሥልጠና ከተመደቡትም ከመቶ 41 ያህሉ ኋላ ቀዶ ተደርገዋል። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። ስዊድናውያኑ የጠየቁት ትኩሱን ጉልበት፣ ብሪታንያውያኑ ያረጀውን ጉልበት ነው። ትኩሱ ጉልበት ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ ዕድል ተሰጥቶት እየከዳ የቀጠለው ይተካለት። «ስንጠብቅ ሜኒስከሱ ይበላሻል» የሚለው ተቃውሞም እውነት የሚሆነው ጥበቃው ጨዋታ ከሆነ ነው። ጉልበቱ በከዳ ቁጥር ሜኒስከሱ ሊቀደድ ይችላል፤ ስለዚህ የሚታገሥ ሰው ኳስ አይረግጥም፣ መዞር የሚጠይቅ ሥራም ይተዋል። ሌላው ተቃውሞ ከቴሌቪዥን የሚመጣ ነው፦ «ቫን ዳይክ ወዲያው ነው ቀዶ የተደረገው!» አዎ። የሊቨርፑሉ ተከላካይ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ተጎድቶ ቀዶ ተደረገለት፤ እንጀራው በድንገት መዞር ነውና ምርጫው ትክክል ነበር። ግን የተመለሰበትን ቀን አትርሱ፤ የሊግ ጨዋታ የጀመረው በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ነው። የተተካው ጅማት መጀመሪያ ይደክማል፣ ደም ሥር ያበቅላል፣ ከዚያ ነው የሚጠነክረው። ኖርዌይና አሜሪካ ውስጥ 106 ስፖርተኞችን የተከታተለ ጥናት እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። በየሰፈሩ ሜዳ በአራት ወር «ድኛለሁ» ብሎ የሚገባ ወጣት ከቫን ዳይክ ይበልጥ ቸኩሏል ማለት ነው።

«እዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ የት አለ? የስዊድኑን ሥልጠና ማን ይሰጠናል?» ብትሉኝ፣ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው። ባለሙያው ጥቂት፣ እሱም በከተማ ነው። ነገር ግን ይህ ችግር ቀዶ ሕክምናን አይደግፍም፤ ይቃወመዋል። ቀዶ የተደረገ ጉልበት ሥልጠናን ካልተደረገው ይልቅ አብዝቶ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ይደርቃል። ከባንኮክ ወይም ከዴልሂ ቀዶ ተደርጎ በሁለት ሳምንቱ የተመለሰ ሰው ለቀሪዎቹ ስምንት ወራት ያው እዚሁ ነው ያለው። ደግሞም የሥልጠናው አስኳል ማሽን አይፈልግም፦ መጀመሪያ እብጠቱን ማውረድና ጉልበቱን ፈጽሞ መዘርጋት፣ ቀጥሎ የጭን ፊት ጡንቻን በወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ በደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በአንድ እግር መቆም ማጠንከር፣ በስተመጨረሻም መዝለልና መዞር። መመዘኛውም ቀላል ነው፤ የተጎዳው እግር ከደኅናው ከመቶ 90 ያህሉን መሥራት አለበት። አንድ የሠለጠነ ባለሙያ በወር አንድ ቀን አይቶ ቀጣዩን ደረጃ ቢያዝዝ ብዙ ይሠራል።

ከውጭ ጥናቶች ጋር የምከራከረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የውጤት መጠይቆቻቸው አብዝተው የሚጠይቁት ስለ ሩጫ፣ ስለ መዝለልና ስለ መዞር ነው። የእኛ ታካሚ ጉልበት ግን በስግደት ወለል ይነካል፣ በመስጊድ ይታጠፋል፣ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ ቡና ያፈላል፣ ቁጢጥ ብሎ ያርማል፣ ዳገት ለዳገት በሬ ይከተላል። ይህ ልዩነት ለወግ የተነሣ አይደለም፤ ቢላዋው የሚያርፍበትን ቦታ ይወስናል። ምትኩ ከሎሚው ሥር ከተወሰደ በጉልበት መንበርከክ ለብዙዎች ለረጅም ጊዜ ያማል፤ ከቋንጃ ከተወሰደ ደግሞ ጉልበትን አጥብቆ የማጠፍ ኃይል ይቀንሳል። ለአንድ የክንፍ ተጫዋች የመጀመሪያው ዕዳ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ካህን፣ ለአንድ ሰጋጅ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ለሚሠራ የሴራሚክ ነጣፊ ግን የዕለት ስቃይ ነው። ሐኪሙ ይህን ሳይጠይቅ ቀጠሮ ከያዘ ታካሚው ራሱ «ዶክተር፣ እኔ እሰግዳለሁ፤ ጅማቱን ከየት ነው የሚወስዱት?» ብሎ ከማደንዘዣው በፊት ያንሣው።